ትንሿ አውቶቡስና አቸቶ የሸተተው ሲልከን

ሞጣ፣ ጋሽ አያሌው ሬዲዮ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ የጥርስ ብሩሽ ነበር። እኔ የሄድኩት መበየጃ ጨብጬ ጭስ ላጨስ ነው። ጋሽ አያሌው የአንድ አሮጌ ቴፕ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ፤ አልኮል የያዘች ብልቃጥ አጠገቡ አኖሩና «ጥረግ» አሉኝ። ለምሳ ሲነሡ ጨረስኩ ብዬ በኩራት አሳየኋቸው። አንዱን ጥግ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና የወጣውን ጥቁር እድፍ የሸሚዜ እጅጌ ላይ አበሱት።

«ጥረግ» አሉኝ እንደገና።

ሦስት ወር ጠረግኩ። እናቴ ምን ሥራ ያዝክ ስትለኝ ቴክኒሻን ሆኛለሁ እላት ነበር።

በዚያ ቤት ማዕረጉ አራት ነው፦ ጠራጊ፣ ፈቺ፣ በያጅና ዘጊ። ሌላ ቤት የሚበይደው ሰው ጌታ ነው። ጋሽ አያሌው ዘንድ ግን ከሁሉ በላይ ዘጊው ነበር። ዘጊ ማለት የተጠገነውን ዕቃ የሚያሰናዳ ነው፤ የላላውን ሽቦ ያስራል፣ የሚነቃነቀውን ያጣብቃል፣ ውኃና አቧራ የሚገባበትን ይደፍናል፣ በመጨረሻ ክዳኑን ያጠብቃል። «መፍታትማ አህያም ብትረግጠው ይፈታል» ይሉ ነበር። «ሙያው መዝጋቱ ላይ ነው።»

ዘጊ የሆንኩት በአራተኛው ዓመት ነው። በሆንኩ በወሩም አበላሸሁ።

የሬዲዮ ጥቅልል ሽቦ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጣቢያው ይጠፋል። ጋሽ አያሌው ጥቅልሉን የሚይዙት በተጣራ የማር ሰም ነበር፤ በጣት ጫፍ የምታህል ጠብታ፣ ከዚያ አትበልጥም። አንድ የከብት ነጋዴ ሬዲዮ ሲያመጣ እኔ ደግነት መስሎኝ ሰሙን እንደ ወጥ ጨለፍኩበት። ሞጣ ብርድ ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ያዘ። ሰውየው ግን ከብቱን ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። ሲመለስ ሬዲዮውን በሁለት እጁ ይዞ መጣና «ጌቶች፣ ሬዲዮናችሁ አለቀሰች» አለን። ሰሙ ቀልጦ በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ወርዶ ነበር።

ወደ ጓዳ ይዤው ልገባ ስል ጋሽ አያሌው ክንዴን ያዙኝ። «ተመልሶ የመጣ ዕቃ በባለቤቱ ፊት ነው የሚከፈት።» እዚያው ነጋዴው ፊት አስከፈቱኝ። «ይኸ የማን እጅ ነው?» አሉኝ። የእኔ ነው አልኩ። ወደ ነጋዴው ዞረው «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በረሃ እንደምትወርድ አልጠየቅንህም» አሉት። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰውየው ግን እስከ መጨረሻው ደንበኛችን ሆኖ ቀረ። ጋሽ አያሌውን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አባት አየኋቸው።

ትዳር ይዤ ቢቸና ገባሁና የራሴን ቤት ከፈትኩ። ሬዲዮ እየቀረ የዲሽ ሪሲቨርና ስልክ መጣ። ሙጫውም በዛ። ሱፐር ግሉ መጣ፤ ግሉ ጋን የሚሉት ፕላስቲክ እያቀለጠ የሚተፋ ሽጉጥ መጣ፤ በሁለት ቱቦ ሆኖ ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ኢፖክሲ፣ በሁለቱም ፊቱ የሚይዘው ፕላስተር፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆነው ሲልከን። እያንዳንዱን በየተራ እጄ ላይ አጣብቄ ነው የተማርኩት። ያኔ በከተማው ከእኔ የተሻለ ዘጊ የለም ብዬ አምን ነበር፤ ለሰውም ከመናገር አልቦዘንኩም።

ጋሽ ዘውዱ ወደ ቤቴ የመጡት በዚያ ዘመን ነው። የቢቸና አዲስ አበባ መስመር የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ተገልብጠው እግራቸው ከዳቸው። በተሽከርካሪ ወንበር እያስገፉ መጡና ከጭናቸው ላይ ጨርቅ ገለጡ። ከጨርቁ ሥር አውቶቡስ ወጣች።

ክንድ ተኩል ትሆናለች። ወለሏ ስስ ጣውላ፣ ግድግዳዋ የዘይት ቆርቆሮ፣ መስኮቷ ከውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ። የኋላ መሰላሏ ሳይቀር አለ። ይነዷት በነበረችው አውቶቡስ ልክ የቀረጿት እሳቸው ናቸው፤ በዶልዱም ቢላና በትዕግሥት። የምትሄደው በሪሞት ነው። ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ሪሲቨር ትእዛዙን ትቀበላለች፤ አንዲት ትንሽ ሞተር መሪዋን ወደ ግራና ቀኝ ታጥፋለች፤ ሌላዋ ትነዳታለች። ይህን ዕቃ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ከውጭ በመጣ ሰው እጅ አግኝታ ነው የላከችላቸው። መለዋወጫ አገር ውስጥ የለም።

ብዙ ሥራ አይቻለሁ። እንደዚያች አውቶቡስ አፌን ያስከፈተኝ ግን የለም። ጥሩምባዋን እንኳ ከስልክ ድምፅ ማጉያ ሠርተውላታል።

«መጫወቻ እንዳትመስልህ» አሉኝ። «እኔ ከበር አልፌ የምሄደው በእሷ ነው። ማዶ ላሉት ለእማሆይ ጨው ታደርሳለች፤ ክብሪት ታመጣለች። ሰው ሲያያት ይቆማል፤ ሲቆም ከእኔ ጋር ያወራል። በጋውን እንዲህ ከረምሁ። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ይገድላታል። ክረምቱን በሙሉ ግድግዳ እያየሁ መቀመጥ አልችልም።»

«ጋሼ፣ ዓሣ አደርግልዎታለሁ» አልኳቸው። አፌ አይቦዝንም ብያለሁ።

ሥራውን በደንብ ጀመርኩት። ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ሻክር አድርጌ የመሪዋን ሞተር በኢፖክሲ ተከልኩ። ሪሲቨሯን ስፖንጅ ባለው ባለሁለት ፊት ፕላስተር አስቀመጥኩ፤ የድንጋይ መንገድ ሲያንቀጠቅጣት ስፖንጁ ይቀበላል። ሽቦዎቹን በግሉ ጋን በየቦታቸው ያዝኩ። ከዚያ ሪሲቨሯን በፕላስቲክ ሣጥን ከደንኩና ዙሪያውን፣ የሽቦ መግቢያውንም ጭምር፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በገዛሁት የመስኮት ሲልከን ደፈንኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ጋሽ ዘውዱም በር ላይ ሆነው ሰማዩን ያያሉ። እስኪደርቅ ክፍት ማሳደር ነበረብኝ። አላሳደርኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት የማያውቅ ጎጃሜ የለም፤ እኔም አውቀው ነበር።

«መኪና ያለ ቦሎ አይወጣም» አሉኝ ጋሽ ዘውዱ። ቦሎ፣ በየዓመቱ የተመረመረ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። እየሳቅኩ ትንሽ ወረቀት ቆርጬ «ተመርምራለች» ብዬ ጻፍኩና ስሜን ፈርሜ በሱፐር ግሉ የፊት መስኮቷ ላይ ለጠፍኩላቸው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የአንተም ሙጫ ሦስተኛ ይሁን» ብለው ይዘዋት ሄዱ።

በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ አንጓች በደጄ ሲያልፉ ቆም አሉ። «አንተ፣ ያች ነገር አቸቶ አቸቶ ትላለችሳ። ሰላጣ ነው እንዴ የሠራህባት?»

«አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው እትዬ፣ ይለቃታል» አልኳቸው። አፍንጫ ነበረኝ፤ እኔም ሸትቶኝ ነበር።

ሰኔና ሐምሌን ሰፈሩ የሚያወራው ስለ አውቶቡሷ ሆነ። ዝናብ እየወረደ ትሄዳለች፤ የቦዩን ውኃ እየሰነጠቀች ትሻገራለች። እማሆይ ጨዋቸውን ተቀብለው ያማትቡባታል። ጋሽ ዘውዱ ጃንጥላ ወንበራቸው ላይ አስረው በር ላይ ይውላሉ። እኔም ሥራ እየተውኩ ወጥቼ አይ ነበር። ኩራት እንዲህ ነው፤ አንገት ያረዝማል።

ነሐሴ ሲጋመስ መሪዋ ታነቀ። መንገድ መሀል፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆመች። ባጃጅ እየመጣ ነበር። ጋሽ ዘውዱ ሪሞቱን ቢጫኑ እምቢ አለቻቸው። ሰው እስኪጠሩ አልጠበቁም፤ ወንበራቸውን ወደ እሷ ቁልቁል ለቀቁት። ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተና ከነወንበራቸው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ቆሟል፤ አውቶቡሷንም አልነካትም። እሳቸውን ግን አራት ሰው ነው ያወጣቸው፤ አንድ እጃቸው ወልቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አንጓች አውቶቡሷን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧትና እንደ ቆሙ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ልለምንህ። ‹ውኃ ገብቶባታል፣ ከእንግዲህ አትሠራም› በለው። እኔ ብለው አይሰማኝም፤ አንተን ግን ያምንሃል። እግሩን አጣሁ፤ እጁን ደግሞ ልጣ? እቤቱ ይቀመጥልኝ።»

ምን ልበላቸው? ዕንባቸው እውነት ነው። ለእኔም ቢሆን ከዚህ የሚሻል መውጫ አልነበረም። ውኃ ገባ ካልኩ ጥፋቱ የክረምት ነው፤ ስሜ ይድናል። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። እጄ ግን ካቻቢቴ አንሥቶ ሣጥኑ ላይ ደርሶ ነበርና ጋሽ አያሌው ክንዴን የያዙኝ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ተመልሶ የመጣ ዕቃ ያለ ባለቤቱ አልከፍትም» አልኳቸው። «ከፍቼ ያገኘሁትን ግን አልደብቅም፤ የማትሠራም ከሆነች አትሠራም እላቸዋለሁ።»

ተቆጡ። «አንተም እንደሱ ግትር ነህ» ብለው ነጠላቸውን ነጥቀው ወጡ። እኔ መሣሪያዬን በዘንቢል ይዤ አውቶቡሷን ታቅፌ ተከተልኳቸው።

ጋሽ ዘውዱ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል፤ እጃቸው ታስሯል። አጠገባቸው በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ሲልከኑን በምላጭ ሰነጠቅኩት። ክዳኑ ሲነሣ የአቸቶ ሽታ ቤቱን ሞላው። ውስጡ ደረቅ ነበር፤ አንዲት የውኃ ጠብታ አልገባም። ግን መሰኪያዎቹ አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። በቦርዱ ላይ ወደ መሪው የሚሄደው የመዳብ መስመር ተበልቶ ተቆርጧል።

«ውኃ ነው?» አሉኝ። እትዬ አንጓች በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ውኃ አይደለም ጋሼ። የእኔ ጥፋት ነው። የደፈንኩበት ሲልከን ሲደርቅ አሲድ ይተነፍሳል፤ ሽታው እሱ ነበር። ሳይደርቅ ስለከደንኩት ትንፋሹ ውስጥ ታፍኖ መዳቡን በላው። ባልነካት ኖሮ እርስዎ አይወድቁም ነበር።»

በደህና እጃቸው ክዳኑን አንሥተው አገላበጡት። ስድብ ጠበቅኩ፤ ስድብ ቢመጣ ይቀለኝ ነበር።

«ዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ እምቢ ሲለኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «ተሳፋሪ በሙሉ በሰላም ወረደ፤ እኔ እግሬን ትቼ መጣሁ። በዚያው ሰሞን ፍሬኗን የነካት መካኒክ ነበር። ‹በእኔ በኩል ደኅና ነበረች፣ ሾፌሩ ፍሬኗን አብዝቶ ይዞ አግሎባት ነው› ብሎ ፈረመ። ልክ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ከፍቶ ያሳየኝ የለም። ይኸው እስከ ዛሬ በተኛሁ ቁጥር ያን ቁልቁለት እወርደዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ እግር ይሁን የእሱ እጅ አላውቅም።»

ወደ ሣጥኑ አዩ።

«የዛሬውን ግን አወቅሁ። በል ሥራት።»

እትዬ አንጓች ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ስንት ደንበኛ ሲያመሰግነኝ ደስ ብሎኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን ግን የከበረ ነገር የተሰጠኝ አይመስለኝም።

የፊት መስኮቷ ላይ ያለውን ቦሎ ልልጥ ብሞክር አልነሣ አለ። ከሥራዬ ሁሉ እንደሚገባው የያዘው እሱ ብቻ ነበር። በምላጭ ፋቅኩት።

በበነጋው ሞጣ ሄድኩ። ጋሽ አያሌው ሥራ ትተው በረንዳቸው ላይ ይውላሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የሆነውን ስነግራቸው አልተቆጡም። ተነሥተው ወደ ውስጥ መሩኝና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፊት መስታወት አሳዩኝ። መሀሉ ላይ የጭቃ ጠብታ የመሰሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉበት። ለዓመታት ፀጉሬን ያበጠርኩበት መስታወት ነው።

«እርጅና አይደለም» አሉ። «አቸቶ የሚሸተውን ሲልከን ከኋላው ቀብቼ ለጠፍሁት። የጀርባ ብሩን በላው። ያልጣልሁት እንዳልረሳ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝም። ደግሞስ አፈርሁ።» ሳቁ። «የማይሸት አለ፤ መስታወት የሚሰቅሉት ሰዎች እሱን ነው የሚገዙ። ቱቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ አትመን፤ ትንሽ ጣትህ ላይ አፍስስና አሽትት።»

እሳቸውን የሚያህል ሰው ተሳስቻለሁ ሲል መስማት ብርታት ይሰጣል። የማይሸተውን ከመስታወት ሰቃዮቹ ገዝቼ በማታው ሚኒባስ ተመለስኩ።

ሥራውን የሠራሁት ጋሽ ዘውዱ ቤት፣ ዓይናቸው እያየ ነው። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጀመርኩ። ከዘጊነት ወደ ጠራጊነት ወረድኩ ማለት ነው። አረንጓዴው እስኪለቅ ግማሽ ቀን ፈጀ። የተበላውን መስመር ከጆሮ ማዳመጫ በመዘዝኳት እንደ ፀጉር በቀጠነች ሽቦ ድልድይ ሠርቼ በየድኩት። ሪሞቱ ሲነካ መሪዋ ዞረ። ጋሽ ዘውዱ በደህና እጃቸው መደቡን መቱ።

ቦርዱ ልብስ ያስፈልገው ነበር። የጥፍር ቀለም ለዚህ ደኅና ነው፤ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሆናል። ቀለም የለሹን ፍለጋ ልወጣ ስነሣ እትዬ አንጓች ከውስጥ መጡና አንዲት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። ሰሞኑን አላናገሩኝም ነበር።

«ልጄ ትታው የሄደች ነው። ቀይ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ቀይም ይሆናል እትዬ። ብልጭልጭ ያለበት ነው የማይሆን፤ ብልጭልጩ ብረት ሊሆን ይችላል።»

መሰኪያዎቹን በፕላስተር ሸፍኜ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። መሰኪያዎቹ ላይ ቅባት አደረግኩ። ሽቦዎቹ ከሣጥኑ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች እንዲታጠፉ አደረግኩ፤ ውኃው ሽቦውን ተከትሎ ሲመጣ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። የማይሸተውን ሲልከን በክዳኑ ከንፈር ላይ ብቻ ቀብቼ ሳልገጥመው ሁለት ቀን ክፍት ተውኩት። ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑን በጎማ ላስቲክና በብሎን ያሰርኩት፤ ሲፈለግ እንዲከፈት።

«አሁን ውኃ እናፍስስባት» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

«እኔ ነኝ የማፈስሰው» አሉ እትዬ አንጓች። በጆግ ውኃ ቀድተው አመጡና ያለ ርኅራኄ ጣሪያዋ ላይ ደፉባት። አንድ ጆግ፣ ሁለት ጆግ። በሦስተኛው አውቶቡሷ ጥሩምባዋን ነፍታ ከእግራቸው ሥር ወጣችና ወደ በሩ ሄደች። ያን ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ቦሎ ጻፍ» አሉኝ እትዬ አንጓች። ጻፍኩ። ሱፐር ግሉ ሳነሣ እጄን መቱኝ። «እሱን ተው። በሚነሣ ነገር ለጥፈው። በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ትከፍታታለህ፤ እሱ ፊት። ካልከፈትህ እኔ ከበር አላስወጣትም።» ወረቀቱን ተቀብለው ባለሁለት ፊቱን ፕላስተር በጥርሳቸው ቆርጠው ራሳቸው ለጠፉት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ ከደጄ የጥሩምባ ድምፅ እሰማለሁ። አውቶቡሷ ቀድማ ትመጣለች፤ ጋሽ ዘውዱ ከኋላ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይከተላሉ። ብሎኑን እፈታለሁ። ክዳኑ ሲነሣ ከእኔ በፊት እሳቸው አፍንጫቸውን ያስገባሉ።

«ሽታ የለም» ይላሉ። እኔ ቦሎ እጽፋለሁ።

በሙያው ያላችሁ ሰዎች ስለ ሙጫ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ዓይነቱ በየጊዜው ይለወጣልና ስሙን አልነግራችሁም። አሽትቱ፤ እስኪደርቅ ጠብቁ። ዘጊ ማለት ደግሞ የዘጋውን በባለቤቱ ፊት የሚከፍት ሰው ነው።